በሕግ የተጠበቀው የሐይቅ ዘንዶ

በመካከለኛው ስዊድን፣ ዬምትላንድ በሚባለው አካባቢ፣ ስቱርሾን የተባለ ሰፊ ሐይቅ አለ። ከአገሪቱ ሐይቆች በስፋቱ አምስተኛ ነው፤ ጥልቀቱም እስከ 74 ሜትር ይደርሳል። ዳርቻው ላይ የኦስተርሱንድ ከተማ ተቆርቁራለች፤ ፊት ለፊቷ ደግሞ ፍሮሶን የምትባል ደሴት አለች። በዚህ ሐይቅ ውስጥ ዘንዶ ይኖራል ይባላል። የስኮትላንዱ የኔስ ሐይቅ አውሬ ዝናው ዓለምን ያዳረሰው በ1933 ነበር። የስቱርሾን ዘንዶ ግን ወሬው በጽሑፍ የሰፈረው በ1635 ነው፤ የጻፉትም ሞግንስ ፔደርሰን የተባሉ ቄስ ናቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ እንዲህ ነው። ያታ እና ካታ የተባሉ ሁለት ጭራቆች በሐይቁ ዳር ድስት ጥደው አንድ ነገር ያፈላሉ። ምን እንደሚያበስሉ የሚያውቅ የለም። እሳቱን ሳያጠፉ ያማስላሉ፣ ይቀላቅላሉ፣ ቀኑም ይረዝማል። በመጨረሻ ከድስቱ ውስጥ የለቅሶና የማቃሰት ድምፅ ይሰማል፤ ወዲያው ገላው የጥቁር እባብ፣ ራሱ የድመት የሆነ ፍጥረት ዘሎ ይወጣና ሐይቁ ውስጥ ይሰወራል። እዚያ ያድጋል፣ ይወፍራል፣ በስተመጨረሻም ፍሮሶንን ዙሪያዋን ተጠምጥሞ የገዛ ጅራቱን ይነክሳል።

ሕዝቡ ሲጨንቀው ኬቲል የተባለ አስማተኛ ድንጋይ አቁሞ፣ የእባብ ምስልና ጽሑፍ ቀርጾ ዘንዶውን አሰረው ይባላል። አስማቱ የሚፈታው አንድ ሰው ጽሑፉን ያነበበ ዕለት ነው። ድንጋዩ የተረት አይደለም፤ ዛሬም ፍሮሶን ላይ ቆሟል፣ ዕድሜውም ወደ አንድ ሺህ ዓመት ይጠጋል። ሊቃውንትም ካነበቡት ቆይተዋል። የጉድፋስት ልጅ ኦስትማን ድንጋዩን እንዳስቆመ፣ ድልድይ እንዳሠራ፣ ዬምትላንድንም ክርስቲያን እንዳደረገ ይናገራል እንጂ ስለ ዘንዶ ቃል የለበትም። በተረቱ ሕግ ከሄድን ግን እስረኛው ተፈቷል ማለት ነው!

ተፈትቷል ብለው የሠጉ ወይም ተስፋ ያደረጉ ሰዎች በ1894 አውሬውን ለመያዝ ኩባንያ አቋቋሙ። ንጉሡ ዳግማዊ ኦስካር ሳይቀሩ ደገፏቸው። ከኖርዌይ ዓሣ ነባሪ አዳኝ አስመጡ፤ ትልቅ የብረት ወጥመድም ተሠራ፤ ማጥመጃው የአሳማ ሥጋ ነበር። የተያዘ ነገር የለም። የአደኑ መሣሪያ ዛሬ በኦስተርሱንዱ ያምትሊ ሙዚየም ለእይታ ቀርቧል።

ፔተር ኦልሶን የተባሉ የሥነ እንስሳት መምህር ደግሞ ከማጥመድ ይልቅ መጠየቅን መረጡ፤ አየን ያሉ ሰዎችን 22 ምስክርነት ሰብስበው በመጽሐፍ አወጡ። የምስክሮቹ ቃል አይገጥምም። ለአንዱ ሦስት ሜትር ተኩል የሆነው ለሌላው 14 ሜትር ነው፤ ቀለሙም ከግራጫ እስከ ቀይ ይለዋወጣል። እንዲህ ያለ ልዩነት፣ በእኔ ግምት፣ ተንሳፋፊ ግንድንና ማዕበልን በሩቁ ለሚያይ ዓይን ይበልጥ የሚስማማ ነው።

 

የዘንዶው ታሪክ ከሌሎቹ የሚለይበት ቦታ ግን የመንግሥት ቢሮ ነው። በ1986 የዬምትላንድ አስተዳደር ፍጡሩን በተፈጥሮ ጥበቃ ሕግ ሥር አስገባው፤ መግደል፣ ማቁሰልና ማጥመድ፣ እንቁላሉን መውሰድም ሆነ መኖሪያውን ማበላሸት ተከለከለ። ቢሮ እንደዚህ ሲጫወት ደስ ይላል፤ ችግሩ የቢሮ ቀልድ ማኅተም ያለበት መሆኑ ነው። ኋላ አንድ ሰው የአውሬውን እንቁላል ሰብስቤ ላስፈልፍል ብሎ ፈቃድ ጠየቀ። አስተዳደሩ በክልከላው መሠረት አልፈቀደም። አመልካቹም ጉዳዩን ለፓርላማው እንባ ጠባቂ አቀረበ። መኖሩ ላልተረጋገጠ እንስሳ እንዴት የጥበቃ ሕግ ይወጣል የሚለው ጥያቄ በይፋ ተነሣ፤ አስተዳደሩም በ2005 ደንቡን ሻረው።