የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ አመሠራረትና ለሙያ ትምህርት ያለው ፋይዳ

የሙያ ማሠልጠኛ ሥርዓተ ትምህርት ከሁለት ምንጮች ሊቀዳ ይችላል፤ አንደኛው አስቀድሞ ከተጻፈ መርሐ ትምህርት ሲሆን፣ ሁለተኛው ሥልጠናው ሊያቃልለው ከታሰበው የኅብረተሰብ ችግር ነው። በሀገራችን የሁለተኛው መንገድ ጉልህ ምሳሌ በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኮሌጁን አመሠራረትና የሥልጠና ስልት ባጭሩ በማስረዳት፣ ከዚያ የሚገኘውን ትምህርት ለመምህራንና ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ማመልከት ነው።

፩. የአመሠራረቱ ምክንያት

ከጎንደር ከተማ በደቡብ ምዕራብ እስከ ጣና ሐይቅ የተንጣለለው የደንቢያ ሜዳ ለም የእህል አገር ነው። ይሁን እንጂ ክረምቱ ሲወጣ በየቦታው የሚያቁረው ውሃ የወባ ትንኝ ይራባበታል። በሽታው የሚበረታውም ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ማለትም ገበሬው ለአጨዳ በሚሰናዳበት ወቅት ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ በደንቢያ የተቀሰቀሰው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ፈጅቷል። በሽታውን ያልለመደ የደጋ ሰው የመከላከል አቅም ስለማይኖረው ሕፃኑም ጎልማሳውም አብሮ ይወድቅ ነበር።

በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ የራሷ የሕክምና ፋኩልቲ አልነበራትም። ጥቂቶቹ ሐኪሞችም በአብዛኛው በታላላቅ ከተሞች ተወስነው ይሠሩ ነበር። ሐኪም አሠልጥኖ በየገጠሩ ለማዳረስ ረጅም ዘመን እንደሚጠይቅ ግልጽ ስለነበረ፣ ባጭር ጊዜ ሠልጥኖ ወደ ሕዝቡ የሚወርድ ባለሙያ ማዘጋጀት ግድ ሆነ። ኮሌጁም በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና «ፖይንት ፎር» በመባል ይታወቅ በነበረው የአሜሪካ የቴክኒክ እርዳታ ትብብር ተመሠረተ።

፪. የሥልጠናው ስልት

ኮሌጁ በመጀመሪያ ሦስት ዓይነት ባለሙያዎችን ያዘጋጅ ነበር፤ እነዚህም የጤና መኮንን፣ የኮሚኒቲ ነርስና ሳኒቴሪያን ናቸው። የጤና መኮንኑ በሽታን መርምሮ ያክማል፣ ጤና ጣቢያውንም ይመራል። ነርሷ የእናቶችንና የሕፃናትን ጤና ትከታተላለች፣ ከቤት ወደ ቤትም ትዘዋወራለች። ሳኒቴሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል፣ ያቆረ ውሃ ያስፋስሳል።

ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሦስቱ አብረው መሠልጠናቸው ነው። ተማሪዎቹ በቡድን ተደራጅተው፣ በደንቢያ ቆላ ድባን በመሳሰሉ የመስክ ማሠልጠኛ ጤና ጣቢያዎች እየኖሩ ይሠሩ ነበር። አንድ ሕፃን በተቅማጥ ታሞ ቢመጣ መኮንኑ ያክመዋል፤ ነርሷ እናቲቱን ታስተምራለች፤ ሳኒቴሪያኑም ቤተሰቡ የሚቀዳበትን ምንጭ ሄዶ ያያል። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሕፃኑ ድኖ በሳምንቱ ሊመለስ ይችላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው ብሂል በዚህ ስልት የሥልጠና መመሪያ ሆኖ ይታያል።

በ1950 ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መግቢያ ወባ በሀገሪቱ ደጋማ ክፍሎች ተስፋፍቶ ወደ 150,000 የሚገመት ሰው ሲፈጅ፣ እንዲህ ያለው ባለሙያ ምን ያህል አስፈላጊ እንደነበረ ይበልጥ ታወቀ። የመሠረታዊ ጤና አጠባበቅን ሐሳብ ለዓለም ያወጀው የአልማ አታ ጉባኤ የተካሄደው በ1971 ዓ.ም. መባቻ መሆኑ ሲታሰብ፣ የጎንደሩ ሙከራ ሃያ ዓመት ያህል የቀደመ ነበር።

፫. የኋላ ዕድገቱና ያስከተለው ጥያቄ

ኮሌጁ በ1954 ዓ.ም. በተመሠረተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ተጠቃለለ። በ1971 ዓ.ም. ገደማ በላይፕዚግ ከነበረው የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሕክምና ፋኩልቲ ሲቋቋም፣ ሐኪም ማሠልጠን ተጀመረ፤ የጤና መኮንን ሥልጠና ግን ተቋረጠ። ተቋሙ በ1980ዎቹ ራሱን የቻለ የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ፣ በ1990ዎቹም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

የሐኪሞች መሠልጠን ታላቅ እርምጃ እንደነበረ አያጠራጥርም። ነገር ግን የገጠሩ ጤና ጣቢያ የሚመራው ሰው አጣ፤ በመሆኑም የጤና መኮንን ሥልጠና በ1980ዎቹ ማብቂያ እንደገና መጀመር ነበረበት። መካከለኛ ሙያ ወደ ከፍተኛው መሸጋገሪያ ብቻ ተደርጎ ሲታይ ምን እንደሚጎድል ይህ ያስረዳል። የጤና መኮንኑ ለጊዜው ሐኪምን የሚተካ ሰው አልነበረም፤ የራሱ ሥራና የራሱ ቦታ ነበረው።

፬. ማጠቃለያ

ከጎንደር በአዘዞ አልፎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ጠዳ ዛሬም የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ፤ መካከለኛ ደረጃ የጤና ባለሙያዎችንም ያሠለጥናል። ለዚህም ሆነ ለሌሎች የመንግሥት ሙያ ኮሌጆች ሥርዓተ ትምህርት የምናዘጋጅ ሁሉ ከቀዳሚው ኮሌጅ ሦስት ቁም ነገሮችን ልንወስድ ይገባል። አንደኛ፣ የትምህርቱ ዝርዝር ከመጻፉ በፊት የአካባቢው ችግር ይጠና። ሁለተኛ፣ የመስክ ልምምድ ከትርፍ ሰዓት የሚመደብ ጭማሪ ሳይሆን የትምህርቱ እምብርት ይሁን፤ በጀት ሲያንስም በቅድሚያ የሚቀነሰው እርሱ አይሁን። ሦስተኛ፣ በሥራ ላይ የሚተባበሩ ባለሙያዎች በትምህርት ላይም ይተባበሩ።

የኮሌጅ ዋጋው በሰጠው የምስክር ወረቀት ብዛት ብቻ አይለካም። የደንቢያ ገበሬ መስከረም ሲጠባ ያለ ሥጋት ወደ ማሳው መውረድ መቻሉ ከሁሉ የበለጠ መለኪያ ነው።