የነርሷ ጭንቀት በምን ይለካል?

በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ የሚደቀነው የሙቀት መለኪያ ትዝ ይላችኋል? የጤና ባለሙያዎቹ ጭንቀትስ በምን ተለካ?

በመጠይቅ ነው። መጋቢት 4/2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ ኢትዮጵያ ውስጥ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ አጥኚዎች ከተጠቀሙባቸው አንዱ ጂኤዲ-7 ይባላል። 7 ጥያቄ ብቻ ነው። ባለፉት 2 ሳምንታት መጨነቅ ማቆም አቅቷችሁ ነበር? ቶሎ ትበሳጫላችሁ? ክፉ ነገር ሊመጣ ነው ብላችሁ ትፈራላችሁ? «በፍጹም» 0፣ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» 3 ነጥብ። ድምሩ ከ21 ነው። 10 እና ከዚያ በላይ ያመጣ በባለሙያ ይታይ ማለት ነው እንጂ «ታሟል» ማለት አይደለም።

ግን ቁጥሩ ምክንያቱን አይናገርም። ሙጃ ላይ የምትሠራ አንዲት ነርስ 12 አመጣች እንበል። ማስክ አልቆባት ነው? እናቴን አስይዛለሁ ብላ ነው? ወይስ ድሮም እንቅልፍ የላትም? ማስክ ላጣ ሰው «አይዞሽ» ብቻ ምን ይሠራል?

ደግሞ ወረቀቱን የሚሰበስበው አለቃ ከሆነ ማን እውነቱን ይሞላል? (እኔ ብሆን ሁሉንም 0 ነው የማደርገው።) ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ስም የማይጻፍበት። ስም ከሌለው ደግሞ፣ 18 ያመጣችዋን ፈልጎ መርዳት አይቻልም።