ከጀርባው የሚነበብ ኮሚክ

ሰሞኑን መደርደሪያዬ ላይ አራት ቀጫጭን ጥራዞች ተጨምረዋል፦ «ፍራንከንስታይን» ቁጥር 26፣ «የዓለማት ጦርነት» ቁጥር 124፣ እና የቻርልስ ዲከንስ «የሁለት ከተሞች ታሪክ» ቁጥር 6፣ እሱ በሁለት ቅጂ። አንድ መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ምን ይሠራል ለሚለኝ መልስ አለኝ፤ እደርስበታለሁ። ሁሉም ክላሲክስ ኢለስትሬትድ የሚባለው የአሜሪካ ኮሚክ ልጆች ናቸው። እኔ እንደማየው ይህ ኅትመት የሚገባውን ክብር አላገኘም።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። አልበርት ካንተር የሚባል በልጅነቱ ከሩሲያ ግዛት ወደ አሜሪካ የተሰደደ ሰው ታላላቅ ልብ ወለዶችን በሥዕል እየተረከ ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያው የአሌክሳንደር ዱማ «ሦስቱ ሙስኬተሮች» ነበር፤ የወጣው በ1941 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። እስከ 1947 ድረስ ስሙ ክላሲክ ኮሚክስ ነበር። ዋጋው 10 ሳንቲም፣ ኋላ ደግሞ 15 ሳንቲም። የመጨረሻው ቁጥር 169 በ1969 ወጣ። ይህን ማንም ሰብሳቢ ያውቀዋል።

ብዙዎች የማያውቁት የጀርባ ሽፋኑን ነው። በዚያ ዘመን ሌላው ኮሚክ ሁሉ ዕድሜው እንደ ጋዜጣ አጭር ነበር፤ ወሩ ሲያልቅ ከመሸጫው ይነሳና ቦታውን ለሚቀጥለው ይለቃል። ካንተር ግን መጽሐፍ አሳታሚ እንደሚያደርገው አደረገ። አንዱ ርዕስ ሲያልቅ ደግሞ ያሳትመዋል፤ ፈላጊ እስካለ ድረስ አሥር ዓመትም አሥራ አምስት ዓመትም ቢያልፍ ያው ቁጥር፣ ያው ርዕስ ገበያ ላይ አለ። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ነው። በድጋሚ ኅትመቱ ውስጥ የሚገኘው የባለቤትነት መብት ዓመት ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ዓመት ነው፤ ቅጂው መቼ እንደታተመ አይናገርም።

የኔን «ፍራንከንስታይን» የሸጠኝ ሰው ከፍቶ ውስጡን አሳየኝ። «ይኸው 1945 ይላል፤ የመጀመሪያ እትም ነው» ብሎ የመጀመሪያ እትም ዋጋ ጠየቀኝ። ገለበጥኩት። በጀርባው ላይ አንባቢ በፖስታ ቤት በኩል የቀድሞ ቁጥሮችን የሚያዝበት ዝርዝር አለ፤ ከነቁጥሩ ከነርዕሱ፣ ደቃቅ በሆነ ፊደል። ዝርዝሩ አዲስ ኅትመት በወጣ ቁጥር ይታደሳል። ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ ያለው ትልቁ ቁጥር ያ ቅጂ የታተመበትን ጊዜ ያጋልጣል። የኔው ላይ ትልቁ ቁጥር 146 ነበር። ቁጥር 146 ደግሞ የወጣው በ1958 ነው። በ1945 የታተመ ወረቀት ከ13 ዓመት በኋላ የሚወጣ መጽሐፍ ሊያስተዋውቅ አይችልም። ሻጩ ዝርዝሩን ደጋግሞ አየና ዋጋውን ቀነሰ።

ይህን ሲያደርጉ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። መጀመሪያ፣ ርዕሶቹን አይቁጠሩ፤ ገበያ ላይ ያልቆየው ከዝርዝሩ ስለሚወጣ ቁጥሮቹ እየዘለሉ ነው የሚሄዱት። የሚፈለገው ትልቁ ቁጥር ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ትልቁ ቁጥር ከመጽሐፉ ቁጥር በአንድ በለጠ ብለው የመጀመሪያ እትም አይጣሉ። «ኦዲሲ» ቁጥር 81 ነው፤ የመጀመሪያ ኅትመቱ ዝርዝር ግን 82 ላይ ይደርሳል። ያው «ኦዲሲ» ሌላም ምልክት ይሰጠናል። በ1951 በቀለም ቅብ የተሠራ ሽፋን ይዞ የወጣው የመጀመሪያው እሱ ነው፤ ከዚያ በፊት ሽፋኖቹ እንደ ውስጡ በመስመር የተሳሉ ነበሩ። ስለዚህ የቅብ ሽፋን የለበሰ «ፍራንከንስታይን» ይዞ 1945 ነው የሚል ሰው ጀርባውን ማገላበጥ እንኳ አያስፈልገውም ነበር፤ ፊቱን ቢያይ ይበቃው ነበር።

ድጋሚ ኅትመት ነው ብሎ የሚንቅም አለ፤ ይህን ሰው አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ሁለቱን «የሁለት ከተሞች ታሪክ» ጎን ለጎን ዘርግቼ የማሳየው ለዚህ ነው። የመጀመሪያውን በ1942 የሣለው ስታንሊ ዛከርበርግ ነው። በ1956 ግን ድርጅቱ ያንን ትቶ በጆ ኦርላንዶ እንደ አዲስ አስሣለው። ቁጥሩም ርዕሱም አልተለወጠም፤ ውስጡ ግን ሌላ መጽሐፍ ነው። በአሮጌው ላይ ጽሑፉ ሥዕሉን ይጫነዋል፣ ቀለሙም ከመስመሩ እያለፈ ፈሷል። ኦርላንዶ ለፊቶች ቦታ ይሰጣል፤ የሚፈራውን ሰው ከሚቆጣው ለመለየት ጽሑፉን ማንበብ አያስፈልግም። «ሦስቱ ሙስኬተሮች»ም በ1959 በጆርጅ ኢቫንስ እጅ እንዲሁ ታደሰ። በአማርኛ «ምንዱባን» ብለን የምናውቀው የቪክቶር ሁጎ ሥራም ቁጥር 9 ሆኖ በ1941 በተጀመረው ተከታታይ ውስጥ ወጥቶ፣ በ1961 ኖርማን ኖዴል እንደገና ሣለው። የመጀመሪያ እትም ብቻ የሚያሳድድ ሰው እነዚህን አያያቸውም።

እነዚህ ኮሚኮች ልጆችን ከንባብ ያርቃሉ የሚለው ወቀሳ የቆየ ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ፍሬድሪክ ወርተም በ1954 ባሳተመው መጽሐፉ ኮሚክን ሲያወግዝ እነዚህንም አልማረም። ግን መጨረሻ ገጻቸውን ያነበበ ሰው እንዲህ አይልም፤ አንባቢው ዋናውን መጽሐፍ ከትምህርት ቤቱ ወይም ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ፈልጎ እንዲያነብ የሚመክር ማሳሰቢያ አለ። የደራሲው ሕይወት ታሪክም ይታተማል። ለፈተና ዋናውን ትቶ ይህን ብቻ የሚያገላብጥ ተማሪ ካለ ጥፋቱ የተማሪው ነው። ሮበርት ዌብና አን ብሩስተር የሣሉት «ፍራንከንስታይን» ከ1931ዱ ፊልም ይልቅ ለሜሪ ሼሊ ልብ ወለድ ይቀርባል፤ ፍጡሩ እንደ ፊልሙ የሚያጉረመርም ብቻ አይደለም፣ አፍ አውጥቶ ፈጣሪውን ይሞግታል።

አያያዙን በተመለከተ ልቆጣ። የተቀደደ ገጽ በፕላስተር አይለጠፍም፤ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ይጠቁርና ወረቀቱን ይዞት ይሄዳል። ለማንበብ ሲባል ሽፋኑ ወደ ኋላ አይታጠፍም፤ የያዙት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው፣ ወረቀቱ እነሱ ዘንድ ይቀደዳል። የዋጋ ወረቀት ሽፋኑ ላይ የምትለጥፉ ሻጮች፣ እባካችሁ ተዉ። የውስጡ ወረቀት ርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ስለሆነ ብርሃን ያቃጥለዋል፤ መስኮት ዳር አይቀመጥ።

አሁን የምፈልገው «ሐምሌት» ቁጥር 99ን ነው። ከጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም አጠገብ ቦታ ይዤለታለሁ። የመጀመሪያ ኅትመቱ ቢገኝ ደስ ይለኛል፤ ዝርዝሩ 167 ላይ የደረሰ ቢሆንም እገዛዋለሁ።