ቅጠል የሌለው ከሰዓት በኋላ

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮም ሆነ በሊሙ ገነት፣ በሰቃም ሆነ በሰርቦ፣ የምሳው ትሪ ተነሥቶ እጅ ከታጠበ በኋላ ቀኑ በሙሉ ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብልበት ሰዓት አለ። ባለሱቁ መዝጊያውን ገርበብ ያደርጋል፤ ባጃጅ ነጂው ከዛፍ ጥላ ሥር ይቆማል፤ ማለዳ ከማሳ የተቀጠፈው ጫት፣ እርጥበቱ እንዳይለቀው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ከብብት ወደ ብብት ያልፋል፤ በየሳሎኑም ሰሌን ይነጠፋል፣ ትራስ በግድግዳው ዙሪያ ይደረደራል፣ ውኃና ለውዝ ይቀርባል፣ ከሰል ላይ ዕጣን ይጣላል። ይህ የበርጫ ሰዓት ነው። ስለ ሱስ ሕክምና ልጽፍ ተነሥቼ ከሆስፒታሉ በር አልፌ ከዚህ ሰሌን ላይ መቀመጤ አንባቢን ቢያስገርም፣ ዛሬ የማስተዋውቀው የሕክምና ዓይነት ከጫቱ ጋር የሚሻማው ይህንኑ ቤትና ይህንኑ ሰዓት ስለ ሆነ ነው።

ሐኪሞች የተጠናከረ የተመላላሽ ሕክምና የሚሉት ይህ ሥርዓት፣ ቀድሞ በነበሩት በሁለቱ በሮች መካከል የተከፈተ ሦስተኛ በር ነው። በአንደኛው በር ሕመምተኛው አልጋ ይዞ ለሳምንታት ከዓለም ይለያል፤ በሁለተኛው በወር አንድ ቀን ቀጠሮ ጠብቆ ለሩብ ሰዓት ያህል ከሐኪም ፊት ይቀመጣል፤ የመጀመሪያው ለብዙው ሰው ወጪው የማይቀመስ ሲሆን፣ የኋለኛው ለጸና ሱስ እንደ ካፊያ ላዩን አርሶ የሚያልፍ ነው። ሦስተኛው በር እንግዲህ ሰውየውን ከቤቱ ሳያወጣ፣ ከሥራውም ሳያስፈታ፣ በሳምንት ከ9 ሰዓት የማያንስ ሕክምና ይሰጠዋል፤ የአሜሪካ የሱስ ሕክምና ማኅበር ለአዋቂዎች የወሰነው ዝቅተኛ ልክ ይኸው ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 3 ሰዓት እየሆነ ይከፈላል። ቀድሞ ሕመምተኛው ወደ ክሊኒክ እየተመላለሰ ይከታተለው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በሩን ሁሉ በዘጋ ጊዜ ግን ተመላላሹ ክሊኒኩ ራሱ ሆነና፣ በስልክና በኮምፒዩተር መስኮት በኩል ወደ ሕመምተኛው ሳሎን በብዛት መግባት ጀመረ።

ከዚህ ሥርዓት ምንጮች አንዱ ለእኛ አገር ነገር እጅግ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሎስ አንጀለስ ከተማ በኮኬይንና በመሰል አነቃቂ ዕፆች የተያዙ ሰዎች ወደ ሐኪም በመጡ ጊዜ፣ ሐኪሞቹ የሚሰጧቸው ክኒን አልነበረምና፣ ከዚሁ ማጣት የተነሣ ማትሪክስ የተባለውን የ16 ሳምንት ሥርዓት አበጁ። ጫትም በባሕርዩ ከዚያው ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቤተ ሙከራ ተለይቶ የታወቀው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ሲሆን፣ ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ብዙም ሳይቆይ እየተፈታ ወደ ደካማ ንጥረ ነገር ይለወጣል፤ የጫት መኪና በሌሊት እንደዚያ የሚከንፈውና ኮባው የሚጠቀለለው እንግዲህ በዚህ ኬሚስትሪ ትእዛዝ ነው። ለጫት ሱስ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት እስከ ዛሬ የለምና፣ የቀረው ፈውስ ንግግር፣ ሥርዓት፣ ጊዜና ጓድ ነው።

የሚያስደንቀው ግን ሕዝቡ ቤተ ሙከራውን ቀድሞ የዚህን ሕማም ምዕራፎች አንድ በአንድ ሰይሟቸው መገኘቱ ነው። ምርቃና የሚለው ቃል፣ ነገር እንደ ምንጭ የሚፈልቅበትን፣ ያልተሠራው ቤት በአፍ ተሠርቶ የሚያልቅበትን፣ ኋላም ሁሉም በየሐሳቡ ሰጥሞ አርምሞ የሚነግሥበትን ሰዓት ይይዛል። ጨብሲ፣ የነቃውን አካል ለማስተኛት ማታ የሚወሰደው መጠጥ ነው። ዱካክ፣ መቃም የለመደ ሰው ሳይቅም ባደረ ሌሊት በደረቱ ላይ ተቀምጦ የሚያንቀው ቅዠት ነው። ሐራራ ደግሞ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ሰውነትን በማዛጋት፣ ልብን በመነጫነጭ የሚወጥረው ጥሪ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣውን የሕክምና መጽሐፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው በየገጹ አዲስ ስያሜ ሲፈበርክ ሳይ የሚገርመኝ ስለዚህ ነው፤ ሕመምተኛው «ሐራራህ ዛሬ ስንት ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ በአንድ ቃል የሚመልሰውን፣ ስለ «ፍላጎት መጠን» ተጠይቆ ግራ ሲጋባ ይውላል።

እዚህ ላይ ሚዛን ይያዝ። የሚቅም ሁሉ ሱሰኛ አይደለም፤ ለዱዓ የሚቀመጡ አባቶች፣ ለፈተና የሚያነብ ተማሪ፣ ሌሊት የሚነዳ ሾፌር፣ ሁሉም በየምክንያቱ ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከወንዶች 27 ከመቶ፣ ከሴቶች 12 ከመቶ ጫት ቅመው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ከጀርመን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወንዶች ላይ ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት፣ ጫት መቃም ከአእምሮ መታወክ ምልክቶች ጋር እንደሚያያዝና ይህም ከባድ መከራ ባሳለፈ ሰው ላይ እንደሚጎላ ያመለክታል። ጉዳዩ እንግዲህ ቅጠሉ ብቻ ሳይሆን ቅጠሉ የሚያርፍበት ሰውም ነው።

የሕክምናውን ውሎ በቅርብ ለማየት፣ በአንድ የቡና መፈልፈያ ጣቢያ የሚሠራ የአጋሮ ወጣት እናስብ። ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን፣ ለዐሥር ዓመት በቃመበት በዚያው ሳሎን፣ አሁን ግን ጀርባውን ለትራሱ ሰጥቶ በወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ስልኩን በስኳር ጣሳ አስደግፎ ያቆመዋል። በወዲያኛው ጫፍ በጅማ ያለች የአእምሮ ጤና ነርስ፣ በዙሪያዋም ከጌራ፣ ከጎማና ከሊሙ የገቡ ሰባት ወይም ስምንት ሰዎች አሉ። መጀመሪያ እያንዳንዱ የሐራራውን ልክ ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር ይናገራል፣ ትናንት እንዴት እንደ ዋለና እንዴት እንዳደረም ይጨምራል። ከዚያ ትምህርት ይቀጥላል፤ የማትሪክስ ሰዎች «ግድግዳው» ብለው የሰየሙት ወራት፣ ማለትም የመጀመሪያው የማገገም ደስታ ካለፈ በኋላ፣ ከስድስተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ፣ ድካምና መሰልቸት ሰውን የሚያቆሙበት ጊዜ፣ አስቀድሞ ይነገራቸዋል፤ የሚመጣውን ያወቀ ሰው በመጣበት ጊዜ ሕክምናው ከሸፈ ብሎ አይሸሽምና። ቀጥሎ ልምምድ ይሆናል። አንዱ የበርጫ ጓደኛ መስሎ ይናገራል፦

«አንተ ሰው፣ ምነው ጠፋህ? ቦታህ እኮ ባዶ ነው።»

«ዛሬ ቀጠሮ አለኝ።»

«አብሽር! ሳትቅም ቁጭ ብለህ ተጫወት።»

«እሱ ነው የማይሆንልኝ። ይልቅ ቅዳሜ ጧት ቡና እንጠጣ።»

«ለምን ጧት አደረግኸው?» ትላለች ነርሷ፣ ጣልቃ ገብታ።

«ከምሳ በፊት ብዙም አይጠራኝም።»

ይህ መልስ ከመጽሐፍ የተቀዳ አይደለም፤ ሰውየው የገዛ ቀኑን መርምሮ ያገኘው ነው፤ ሕክምናውም ከሌላው ይልቅ የሚደክመው ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ ነው። የቀን መቁጠሪያም አብሮ ይወጣል። እሸት ቡና ከጥቅምት ጀምሮ ቀልቶ በሚለቀምበት ወራት፣ ዓመቱን ሙሉ ባዶ የነበረ ኪስ በድንገት ይሞላል፤ ጫት በዓመት ደጋግሞ ሲቀጠፍ ቡና ገንዘብ የሚያመጣው በአንድ ወቅት ነውና፣ ለለቃሚውም ለፈልፋዩም ያ ወራት የፈተና ወራት ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ገና ሳይገባ በማን እጅ እንደሚቀመጥ፣ የደሞዝ ቀን ከሰዓት በኋላ የት እንደሚዋል፣ በየትኛው መንገድ ከሥራ ወደ ቤት እንደሚኬድ ይወሰናል። ልማድ ያሰርቃል ከማድ ይባል የለ፤ ማዱ ሳይዘረጋ መቀመጫን መቀየር ይሻላል ማለት ነው።

ልብ ያለው አንባቢ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። በርጫም ሦስት ሰዓት ያህል ነው፤ በርጫም ክብ ሠርቶ መቀመጥና መነጋገር ነው፤ በርጫም የራሱ ሰዓትና የራሱ ማኅበርተኞች አሉት። ጫት የተወ ሰው ከቅጠሉ ይልቅ የሚናፍቀው ያንን ክብ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የአንድ ለአንድ ምክር ብቻውን የማይበቃውም፣ ብቸኝነትን በሌላ ብቸኝነት ስለሚተካው ነው። ሎስ አንጀለስ ሆነው ሥርዓቱን ያበጁት ሰዎች የጅማን ሰሌን አላዩም፤ ያበጁት ነገር ግን ከእኛ ሰሌን ላይ ቅጠሉን አንሥቶ ክቡን የመተው ያህል ገጠመ።

መጠጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ቤት መዋል የሚያኮራ ሳይሆን የሚያስፈራ ይሆናል። ጫት በድንገት ቢተው እንቅልፍ፣ ድካም፣ ዱካክና ቁዘማ ያመጣል እንጂ ብዙውን ጊዜ ነፍስ አይነካም። በጨብሲ ሰበብ ማታ ማታ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው ግን በአንድ ቀን እርም ቢል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደ የሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል፤ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከልም አእምሮው ተናውጦ የሌለ ነገር ሊያይ፣ ሕክምና ካላገኘም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ነርሷ በመጀመሪያው ቀን ከጫቱ አስቀድማ የምትጠይቀው ስለ ማታው ብርጭቆ ነው፤ መልሱ የሚያሰጋ ከሆነም ሰውየው መጀመሪያ ሆስፒታል ገብቶ፣ የሚያረጋጋውን መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 እየወሰደ እነዚያን ቀናት በሐኪም ዓይን ሥር ያሳልፋል፤ ሳሎኑና ስልኩ ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።

የቤቱ ሕክምና የራሱ ነውር አለው። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ በምስል መነጋገር የኢንተርኔቱን ጥቅል ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ ብዙው ነገር በድምፅ ብቻ መሆን ይኖርበታል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን የቤቱ ግድግዳ ነው። በአንድ መጋረጃ በተከፈለ ቤት ውስጥ፣ እናት ከወዲያ ሆና እየሰማች፣ ሰው ስለ ሰረቀው የቡና ገንዘብ እንዴት ይናገራል? ባለሙያዎች አንዱን ቀን ለቤተ ሰብ የሚለዩት ለዚህ ነው፤ እናቲቱ የምትሰማውን በመጋረጃ ሥር ሳይሆን በክቡ ውስጥ ተቀምጣ ትሰማለች፤ ልጇን መሰለልና ልጇን መርዳት የተለያዩ መሆናቸውንም በዚያው ትማራለች።

አባቶቻችን ለሱስም ሆነ ለሌላ ሕማም የሚሰጡት ምክር ከዚህ በተቃራኒ መንገድ የሚሄድ ነበር። ሱባኤ የገባ፣ ጠበል የወረደ ሰው ከቤቱና ከገበያው ይለያል፣ በጾምና በጸሎት ይወሰናል፣ በዚያም ብዙዎች ዕረፍት ያገኛሉ። እኔ ይህንን አላቃልልም፤ ዳሩ ግን ሱባኤው ተፈጽሞ ሰውየው ሲመለስ ሰሌኑ በቦታው ተነጥፎ ይጠብቀዋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ አጠገቡ ካህንም ሐኪምም የለም። ሁለቱ መንገዶች ቢደጋገፉ እንጂ ቢጣሉ የሚጠቀም አይኖርም።

ጅማ ለዚህ ሥራ ባዕድ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1999 ከእርሻ ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲውን ያስገኘው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲቋቋም ጀምሮ ተማሪውን ወደ ማኅበረሰቡ መካከል አውጥቶ ማስተማርን መታወቂያው ያደረገ ነበር፤ ሕክምና በር አንኳኩቶ ይገባል የሚለው ሐሳብ እዚያው ያደገ ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ2003 ብቻ ስለ ሆነ፣ ከጌራ ጫካ አውቶቡስ ተሳፍሮ ለሚመጣ ገበሬ ሁሉ ወንበር የሚበቃበት ቀን ገና ሩቅ ነው፤ ስልኩ የሚያሳጥረውም ይህንኑ ርቀት ነው።

በአጋሮው ሳሎን ሰዓቱ 11 ሆኗል። ነርሷ የረቡዕን ቀጠሮ አስታውሳ ተሰናብታለች፤ ስልኩ ስለ ሞቀ በመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጦ ይበርዳል። ከጎረቤት ግድግዳ ወዲያ የምርቃናው ጫጫታ ጸጥ ብሏል፤ ወጣቱም ያ ጸጥታ ምን እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል። እናቱ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ወደ እሱ ይመለከታሉ።

«አቦሉ አልፎሃል፤ ቶናው ሊወርድ ነው፤ አትመጣም?»