አሳዳጊ ሲታመም ልጆች ከማን ጋር ይቆያሉ?

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ከታወቀ በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች በቤት እንዲውሉ ተደርጎ ነበር። ልጆች ቤት ዋሉ ማለት ግን ጠባቂ አላቸው ማለት አይደለም። በባቱ የአበባ እርሻዎች የሚሠሩ እናቶች፣ በሞጆና በአዳማ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች ቤት ሊቀመጡ አይችሉም። በእንዲህ ያለ ቤተሰብ ልጆችን ብዙውን ጊዜ የሚይዙት አያት ናቸው።

በሽታው ይበልጥ የሚጠናው ደግሞ በአረጋውያን እንዲሁም የስኳር፣ የልብና የደም ግፊት ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ነው። ልጆች የሕመም ምልክት ሳይታይባቸው ሊያስተላልፉት ይችላሉ። ስለዚህ ወላጅ ሲታመም ልጆችን ወደ አያት ቤት መላክ፣ የቆየና ከፍቅር የመነጨ ልማድ ቢሆንም፣ አይመከርም።

እያንዳንዱ ቤተሰብ ማንም ሳይታመም አስቀድሞ በዕድሜ ያልገፋ ጤነኛ ሰው ይምረጥ፤ አክስት፣ አጎት ወይም የሚታመን ጎረቤት ሊሆን ይችላል። በኦሮሞ ባህል በጉዲፈቻ የመጣ ልጅ ከአብራክ ልጅ ተለይቶ አይታይም። የጥቂት ሳምንታት አደራ ጉዲፈቻ ባይሆንም ልጁ ሊያገኝ የሚገባው አያያዝ ግን ያው ነው። አደራ ተቀባዩ ልጁ ከሕመምተኛ ጋር እንደነበረና ክትትል እንደሚያስፈልገው ተነግሮት ይስማማ። የአስቤዛው ወጪም በግልጽ ይነገር፤ በይሉኝታ የታለፈ ጉዳይ ኋላ ልጁን ይጎዳዋል።

ልጁም ሊነገረው ይገባል። አባቱ በአምቡላንስ ሲወሰድ ያየን ልጅ «ሥራ ሄዷል» ብሎ ማታለል ፍርሃቱን ያብሰዋል። «ኮሮና ይወስድሃል» እያሉ ማስፈራራትም ተገቢ አይደለም። በየምሽቱ በስልክ የወላጁን ድምፅ ቢሰማ ይረጋጋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 መሠረት ልጅ ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት አለው፤ ሕመም ይህን መብት አይሽረውም።

የምታጠባ እናት ቫይረሱ ቢገኝባትም፣ አቅሟ እስከፈቀደ ድረስ፣ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ አፍና አፍንጫዋን በጭምብል ሸፍና ማጥባቷን ትቀጥል። ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ግን ጭምብል አይደረግም።

ምልክት ሲታይ በ8335 ይደውሉ። ለሚመጡት የጤና ባለሙያዎች በቤት ውስጥ ልጅ መኖሩን፣ ተረካቢውም ማን እንደሆነ ይንገሩ። ተረካቢ ከሌለ ይህንኑ ሳይደብቁ ይግለጹ።