ብድግ ሲሉ ዓይን ለምን ይጨልማል?

ቡናው ሦስተኛው ላይ ደርሷል። አጭር በርጩማ ላይ ሲጨዋወት የቆየ ሰው በር ሲንኳኳ ብድግ ይላል። ሁለት እርምጃ ሳይራመድ ዓይኑ ብዥ ይልበታል፤ ጆሮው ይጮኻል፤ ጉልበቱ ሊከዳው ሲል መቃኑን ይዞ ይቆማል። አሥር አሥራ አምስት ሴኮንድ ያህል ይቆይና ያልፍለታል። እናት ካሉ "ምሳ ሳትበላ ነው እንዴ የዋልከው ልጄ?" ይላሉ፤ ጎረቤት ደግሞ "ደም ማነስ ነው፣ ተመርመር" ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ሰውዬው ጠግቧል፣ ደሙም አልጎደለም። ደሙ ለጥቂት ሴኮንድ ወደ ታች ወርዶበት ነው።

ሰው ሲቆም ግማሽ ሊትርና ከዚያም በላይ የሚሆን ደም ከደረት ወደ ሆድና ወደ እግር ይወርዳል። የሚጠራቀመው በደም መልሶች ውስጥ ነው፤ ግድግዳቸው ስስና ተለጣጭ ስለሆነ የመጣላቸውን ሁሉ ይይዛሉ። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሲቀንስ ልብ የሚረጨውም ይቀንሳል። አንጎል ደግሞ ከልብ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። የውሃ መስመር ሲደክም ቀድሞ የሚደርቀው የላይኛው ፎቅ ቧንቧ ነው፤ እዚህም እንደዚያው ነው። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ብቻ ቢሆንም ከምንጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይፈልጋል፤ ለክፉ ቀን ብሎ የሚያስቀምጠው የለም።

ከአንጎልም ቀድሞ የሚቸገረው ዓይን ነው። የዓይን ኳስ በፈሳሽ የተወጠረ ስለሆነ የራሱ ግፊት አለው፤ በጤናማ ሰው ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል። ደም ሬቲና ውስጥ ለመግባት ይህን ግፊት ማሸነፍ አለበት። ስለዚህ የደም ግፊት ሲወርድ ሰውዬው ራሱን ሳይስት ዓይኑ ይጨልማል፤ ይሰማል፣ ሲጠሩት አቤት ይላል፣ ግን አያይም። የተዋጊ ጄት አብራሪዎች በከፍተኛ ፍጥነት ሲታጠፉ የሚገጥማቸውም ይኸው ነው።

ችግሩ ቶሎ የሚያልፈው አንገት ላይ ጠባቂ ስላለ ነው። ከማንቁርት ግራና ቀኝ፣ ጣት ሲያርፍበት ትርታው የሚሰማው ትልቅ ደም ቅዳ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ላይ ሰፋ ያለች ክፍል አለች። በግድግዳዋ ውስጥ መለጠጥን የሚለኩ የነርቭ ጫፎች ተሰግስገዋል። ግፊት ሲኖር ወደ አንጎል ግንድ ያለማቋረጥ መልእክት ይልካሉ፤ ግፊቱ ሲወርድ መልእክቱ ይሳሳል። የአንጎል ግንድ ይህን እንዳወቀ ልብን ያፈጥናል፣ የሆድና የእግር ደም ሥሮችን ያጠብባል። ከልብ በሚወጣው ዋናው ደም ቅዳ ቅስት ላይም ተመሳሳይ ጠባቂ አለ። ቤልጅጋዊው ኮርኔይ ሄይማንስ እነዚህ ሁለት ቦታዎች በአተነፋፈስ ላይ ያላቸውን ድርሻ አሳይቶ እ.ኤ.አ. የ1938ን የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ልብ ወዲያው ይፈጥናል፤ የደም ሥሮች ግን ለመጥበብ ጥቂት ሴኮንዶች ይወስዳሉ። ማዞሩ የሚመጣው በዚህች ክፍተት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ሰውን አልጋ ላይ አስሮ አልጋውን ቀስ ብሎ በማቆም የሚደረግ ምርመራ አለ፤ በዚያ ምርመራ ይህ ድንገተኛ የግፊት መውደቅ እምብዛም አይታይም። የሚታየው ሰውዬው በራሱ ጉልበት ሲነሳ ነው። ምክንያቱም ብድግ ስንል የሆድና የጭን ጡንቻዎች ተኮማትረው ደምን በአንዴ ወደ ልብ ይጨምቃሉ። ሰውነት ግፊት የበዛ ይመስለውና የደም ሥሮቹን ያላላል፤ ሥሮቹ የሚላሉት ደግሞ ልክ ደሙ ወደ ታች በሚወርድበት ሰዓት ነው። ቀጫጭንና ረጃጅም ወጣቶች፣ ምንም ሕመም ሳይኖርባቸው፣ ይህ በተደጋጋሚ ይገጥማቸዋል።

በስቅለት ዕለት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን እህል ውሃ ሳይቀምሱ "ኪርያላይሶን" እያሉ ይሰግዳሉ፣ ይነሳሉ፣ ደግሞ ይሰግዳሉ። ውሃ ያልቀመሰ ሰውነት የደሙ መጠን ስለሚያንስ ግፊቱ በቀላሉ ይወርዳል። ይሁንና በስግደቱ መሐል እግር ሥራ ላይ ነው፤ የባትና የጭን ጡንቻ በተኮማተረ ቁጥር የወረደውን ደም ወደ ላይ ይገፋል፣ በደም መልሶች ውስጥ ያሉት መዝጊያዎችም ተመልሶ እንዳይወርድ ይከለክሉታል። ይበልጥ የሚያሰጋው ስግደቱ ካበቃ በኋላ ነው። ሙቀቱ የቆዳ ደም ሥሮችን አስፍቷል፣ ላብ ወጥቷል፣ ሰው ፀሐይ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የባቱ ጡንቻም ሥራ አቁሟል።

ቀጥ ብሎ መቆም ሥራቸው የሆነ ሰዎችም ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ለንደን ውስጥ በልዑል ዊሊያም ፊት በተደረገ የሰልፍ ልምምድ፣ በ30 ዲግሪ ገደማ ሙቀት የሱፍ ዩኒፎርም ለብሰውና ከድብ ቆዳ የተሠራ ቆብ ደፍተው የቆሙ ወታደሮች ተዝለፍልፈው ወድቀዋል። ከዚያ በፊት በሴፕቴምበር 2006፣ 12 ቀን ያህል ጠፈር ላይ ቆይታ የተመለሰችው አሜሪካዊት ጠፈርተኛ ሃይደማሪ ስቴፋኒሺን-ፓይፐር ሂዩስተን ላይ በአቀባበሉ ሥነ ሥርዓት ንግግር ስታደርግ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ክብደት በሌለበት ቦታ ደም ወደ እግር አይወርድም፤ ወደ ደረትና ወደ ራስ ይሄዳል፤ ኩላሊት ፈሳሹ የበዛ መስሎት ያስወግደዋል። ጠፈርተኞች ወደ ምድር ከመመለሳቸው በፊት የጨው እንክብልና ውሃ የሚወስዱት ለዚህ ነው።

እስካሁን የተነሳው በጤነኛ ሰው ላይ የሚደርሰው ነው። ግፊቱ ወርዶ ቶሎ የማይመለስ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ይሆናል። ሐኪሞች የሚለኩት እንዲህ ነው፦ ሰውዬው 5 ደቂቃ ያህል ይተኛል፣ ግፊቱ ይለካል፤ ከዚያ ይቆምና በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ እንደገና ይለካል። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ችግር አለ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ሳሙኤል ብራድበሪና ኬሪ ኤግልስተን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ሦስት ሕሙማንን መርምረው ጽፈዋል። ሕሙማኑ ሲቆሙ ግፊታቸው ይወድቃል፣ የልብ ምታቸው ግን አይጨምርም፤ በደንብም አያልባቸውም። ትእዛዝ የሚያስተላልፈው ነርቭ ተበላሽቷል ማለት ነው። ዛሬም ሐኪም ከግፊቱ ጋር የልብ ምትን የሚቆጥረው ለዚህ ነው፤ ግፊቱ ወርዶ ምቱ ካልፈጠነ ጥርጣሬው ነርቭ ላይ ያርፋል። ለረጅም ዓመታት የቆየ የስኳር በሽታ ይህን ነርቭ ከሚጎዱት አንዱ ነው።

በአረጋውያን ላይ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የመድኃኒቱ ከረጢት ነው። ለፕሮስቴት የሚታዘዘው ታምሱሎሲን፣ ሽንት የሚያበዛው ላሲክስ፣ ለድብርት የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊንና የደም ግፊት መድኃኒቶች ሁሉ ሲቆሙ ግፊትን ሊጥሉ ይችላሉ። ይህ ማለት ግን መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቆም አይደለም፤ ያልታከመ ደም ግፊት ስትሮክ ያመጣል። ከከባድ ምሳ በኋላም ደም ወደ አንጀት ስለሚያዘነብል አዛውንቶች ከማዕድ ሲነሱ ይንገዳገዳሉ። ሌሊት ለሽንት ሲነሱም እንዲሁ ነው፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ጥቂት ቁጭ ብሎ እግርን ማወራጨት ዳሌ ከመሰበር ያድናል። ቆሞ ዓይኑ የጨለመበት ሰው እግሮቹን አጠላልፎ ጭኑንና መቀመጫውን አጥብቆ ቢይዝ ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ካልሆነ ቁጢጥ ማለት ነው። ሰገራው የጠቆረ፣ ደረቱን የወጋው ወይም ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው ግን በቀጥታ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። አልጋ ላይ ሲገላበጥ ቤቱ የሚዞርበት ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የውስጥ ጆሮ እንጂ የግፊት አይደለም።

ቅር የሚያሰኘው አለካኩ ነው። ብዙ ጊዜ ግፊት የሚለካው ወንበር ላይ ቁጭ ተብሎ ነው፤ ቁጥሩ 130 በ80 ይወጣና "ደህና ነዎት" ተብሎ ይሸኛል፤ ሰውዬው በር ላይ ሲደርስ 105 መሆኑን ማንም አያይም። "ሲስተር፣ ቆሜም ይለኩኝ" ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም፤ ከመተኛቱ ጋር የሚወስደውም 8 ደቂቃ ያህል ነው።