አንድ ዓይነት ችግኞች ፍሬያቸው ስለምን ይለያያል?

በየሱቁ «የሚረጋው ዘይት» እየተባለ የሚሸጠው የምግብ ዘይት ከዘይት ዘንባባ ፍሬ የሚጨመቅ ሲሆን፥ አብዛኛው የሚመረተው በኢንዶኔዥያና በማሌዥያ ነው። በዚህ ተክል ላይ የደረሰው ነገር ዘርና ችግኝ ለሚገዛና ለሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ የሚጠቅም ስለ ሆነ፥ ባጭሩ እናስረዳለን።

የዘይት ዘንባባ ቅርንጫፍ የሌለው፥ ባንድ ጫፍ ብቻ የሚያድግ ዛፍ ስለ ሆነ፥ እንደ ሸንኮራ አገዳ ቈርጦ መትከል አይቻልም። ስለዚህ ሊቃውንት ዘይቱ ከበዛለት ዛፍ ጥቂት ሕዋስ ወስደው በቤተ ሙከራ በማራባት፥ እናታቸውን የሚመስሉ ችግኞች አወጡ። ይኸውም ቲሹ ካልቸር የሚባለው ዘዴ ነው። ችግኞቹ ሲሸጡ ያማሩና የማይለያዩ ነበሩ። ነገር ግን በ1980ዎቹ (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር) ተተክለው ለፍሬ ሲደርሱ፥ የአንዳንዶቹ አበባ ተበላሽቶ፥ ፍሬው በዙሪያው ትርፍ ሥጋ እያወጣ ካባ የለበሰ መሰለ። ክፉኛ የተጐዳውም ሳይበስል ይረግፋል። ገዢው ኪሳራውን ያየው ለመሬት፥ ለማዳበሪያና ለሠራተኛ ብዙ ዓመት ከከፈለ በኋላ ነው። ሻጩንም አታላይ ማለት አይቻልም፤ እርሱም አላወቀምና።

ምክንያቱን የማሌዥያ የፓልም ዘይት ቦርድ ተመራማሪዎች ከአሜሪካ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2015 በኔቸር መጽሔት ገለጡ። የዲ.ኤን.ኤው ጽሕፈት አልተለወጠም፤ የጠፋው በላዩ የሚያርፍ ሜቲል የተባለ ኬሚካዊ ምልክት ነው። የሒሳብ መዝገብ ለሚይዝ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። መዝገቡ ያው ሆኖ፥ «ይህ መሥመር አይደመር» የሚለው ምልክት ቢፋቅ፥ ጸሐፊው የማይገባውን ደምሮ ድምሩን ያበላሻል። እንዲሁም ካርማ በተባለው የዲ.ኤን.ኤ ክፍል ላይ ምልክቱ ሲኖር ፍሬው ደኅና ይሆናል፤ ሲጠፋ ግን የአበባውን ቅርጽ የሚመራው ጂን በትክክል ሳይነበብ ይቀራል። የዚህ ዓይነቱ ለውጥ ኤፒጄኔቲክ ይባላል።

ትልቁ ጥቅም ምርመራው ነው፤ ከችግኙ ቅጠል ትንሽ ቍራጭ ወስዶ፥ ሳይተከል ደኅናውን ከብልሹው መለየት ተችሏል። ስለዚህ የዘንባባ ችግኝ የሚያዋውል ነጋዴ የዝርያው ስም የተጻፈበት ወረቀት ብቻ አይበቃውም፤ የምርመራውንም ውጤት መጠየቅ ይገባዋል።

በአገራችን የሙዝ ችግኝ በዚሁ ዘዴ ይባዛል፤ ከመካከሉም አንዳንድ ጊዜ ድንክ ወይም ቅጠሉ የተዛባ ተክል ይወጣል። የካርማው ምርመራ ለዘንባባ እንጂ ለሙዝ አያገለግልም። የሙዝ ችግኝ ገዢ መጠየቅ ያለበት፥ ከአንዱ እናት ስንት ዙር እንደ ተባዛ ነው፤ ዙሩ በበዛ መጠን ብልሹው ይበዛልና። ብልሹው በማን ሒሳብ እንደሚተካም ገንዘቡ ሳይከፈል በውሉ ይጻፍ።